በልጅነት ያልታየ የዘፈን ተሰጥኦ

ወንድሜ፣ «24 ዓመቴ ነው፤ በልጅነቴ ድምፅህ ያምራል ያለኝ ሰው የለም፤ አሁን መዝፈን ብጀምር ከንቱ ልፋት ይሆን?» ብለሃል። በፍጹም አይሆንም።

ድምፅ በልጅነት ተሠርቶ አያልቅም። በጉርምስና ማንቁርት ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮችም ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ የወንድ ልጅ ድምፅ የሚጎረንነው ለዚህ ነው። በ8 ዓመቱ ሰፈሩን ያስደነቀ ልጅ በ15 ዓመቱ ያን ድምፅ ላያገኘው ይችላል። ዝምተኛው ደግሞ ያኔ ያማረ ድምፅ ያወጣ ይሆናል።

አሜሪካዊውን ዘፋኝ ቢል ዊዘርስን ተመልከት። በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። ለዓመታት በባሕር ኃይል አገልግሎ፣ ከዚያም የአውሮፕላን ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ እየሠራ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ 32 ዓመቱ ነበር። የእኛው ቅዱስ ያሬድም በትውፊቱ መሠረት በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ተገርፎ የሸሸ ተማሪ ነበር። ይህ ታሪክ ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ልጅነት የሚጠቅመው ጆሮን ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ያደገ ልጅ ሳያውቀው ቅኝት፣ ማለትም ዜማ የሚሠራበትን የድምፆች አደራደር፣ ይለምዳል። አንተ ግን ይህን አውቀህ መሥራት አለብህ። በክራር ወይም በኪቦርድ አንድ ድምፅ ምታ፣ በአፍህ ያዘው፣ በስልክህ ቅዳና አዳምጠው። የትዝታን ቅኝት ሳትስት መውጣትና መውረድ ስትችል ወደ ባቲ ቅኝት እለፍ። ጉሮሮህን ካመመህ አቁም፤ በጩኸት ድምፅ አይጎለብትም። በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበቃሃል። የመጀመሪያውን ቀን ቅጂ ግን እንዳታጠፋው፤ ከስድስት ወር በኋላ መልሰህ ታዳምጠዋለህ።