«ኢንጂነሪንጉን ልተወውና ሲንተሳይዘር ልሥራ?»

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። አዳማ ውስጥ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነሽ፣ የስትሪም ማለት የልዩ ዘርፍ ምርጫ ደርሶብሻል። ቤተሰብ «ፓወር ግቢ፣ መብራት ኃይል ትቀጠሪያለሽ» ይላል። አንቺ ደግሞ ዶርም ውስጥ ከአሮጌ ሬዲዮ በነቀልሻቸው ዕቃዎች የሚጮህ ሰርኪዩት ትሠሪያለሽ፣ ሞቶ የተጣለውን የአጎትሽን ያማሃ ኪቦርድ አስነስተሻል፣ ሌሊቱን በፈረንጆቹ ሰባዎቹና ሰማንያዎቹ የተሠሩ ሲንተሳይዘሮችን፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩትን የሙዚቃ መሣሪያዎች ማለት ነው፣ ስትሰሚ ታነጊያለሽ። አሁን «ትምህርቱን ትቼ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልሞክር ወይስ ይህን ነገር እርግፍ አድርጌ ልተወው?» ነው ጥያቄሽ።

ሁለቱንም አታድርጊ። ትምህርቱን ጨርሺ፣ ግን ፓወር አትግቢ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። አንቺ የምትወጂውን ዕቃ የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ያንቺው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ቦብ ሙግን እንውሰድ። በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ቴርሚን ይሠራ ነበር፤ እጅ ሳይነካው የሚዘፍነውን መሣሪያ ማለቴ ነው። በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በቮልቴጅ የሚታዘዘውን የመጀመሪያ ሲንተሳይዘሩን ከአንድ የሙዚቃ ደራሲ ጋር ሆኖ ሲሠራ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ዲግሪውን አልተወም፣ በዓመቱ በ1965 ጨረሰ። አየሽ፣ ሙዚቀኛ መሆን አላስፈለገውም፤ ሙዚቀኛው አጠገቡ ነበር።

ሱዛን ቺያኒ ደግሞ በተቃራኒው መጣች። የሙዚቃ ድርሰት የተማረች ናት፣ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲንተሳይዘር ሠሪው ዶን ቡክላ ዘንድ ሰርኪዩት ሶልደር እያደረገች ሠርታለች። በኋላ ኒው ዮርክ ሄደች፣ እንጀራዋንም ያገኘችው ከማስታወቂያ ነው። ኮካ ኮላ ሲከፈትና ሲቀዳ የሚሰማውን ያንን የታወቀ ድምፅ በሲንተሳይዘር የሠራችው እሷ ናት። ይህንን የማነሳልሽ አልበም ከመሸጥ ውጭ ድምፅ የሚከፈልበት ቦታ እንዳለ እንድታይው ነው፤ አዲስ አበባም ማስታወቂያ የሚሠሩ ስቱዲዮዎች ሞልተዋል።

አሁን መራሩን ልንገርሽ። በደብዳቤሽ የጠቀስሽው ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ያኔ ገና አዲስ ከነበረው ያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ያንን ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን ካሴት ቀዳ። ካሴቱ ለዓለም ገበያ እንደገና የታተመው በ2013 ነው። በመሃል ምን እያደረገ ነበር? ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ እየተለማመደ። እኔ ይህን ታሪክ «ተስፋ አትቁረጡ» እያሉ የሚያወሩት ሰዎች ያናድዱኛል። ያ ችሎታ ያለው ሰው እንኳ ለዓመታት በሌላ ሥራ ነው የኖረው። ስለዚህ ሙዚቃሽ የቤት ኪራይ እንዲከፍልልሽ አትጠብቂ፣ ሙዚቃውንም ያበላሸዋል።

የቤት ኪራይ የሚከፍለው እጅሽ ነው። እስቲ ዙሪያሽን ተመልከቺ። የሰርግ ባንዱ ኮርግ ወይም ያማሃ አለው፣ ምሽት ቤቱ አለው፣ ቸርቹ አለው። ቁልፉ ሲደነዝዝ፣ ጃኩ ሲላላ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ማን ጋ ይወስዱታል? ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ። እሱ ደግሞ ጎበዝ ቢሆንም ሙዚቀኛው «ድምፁ ተንሻፈፈብኝ» ሲለው ምን ማለቱ እንደሆነ አይገባውም። አንቺ ይገባሻል። ከአዳማ ሳትወጪ፣ በክረምት እረፍትሽ ብቻ በዚህ ጀምሪ። የጠገንሽውን ሁሉ ፎቶ አንሺ፣ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንዳገኘሽው በሁለት ሦስት መስመር ጻፊ። ስትመረቂ ከሲቪሽ ይልቅ የሚናገርልሽ ያ ደብተር ነው። ቀጣሪዎች የሰለቻቸው «ቲም ወርክ እችላለሁ» የሚል ወረቀት ነው እንጂ የብልሽት መዝገብ ይዞ የመጣ አመልካች ብዙም አያዩም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። የተጠራቀመውን የኪስ ገንዘብሽን ከውጭ አሮጌ ሲንተሳይዘር ለማስመጣት እንዳታወጪው። ስሙ «ቪንቴጅ» ይባል እንጂ አርባ ዓመት ያለፈው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ኮርግ ፖሊሲክስ ውስጥ ያለችው ባትሪ ስታረጅ ውስጧ ያለው ኬሚካል ይፈስና ቦርዱን ትበላዋለች። የሮላንድ ጁኖ 106 የድምፅ ቺፖች በመሞት የታወቁ ናቸው። ዲኤክስ 7 ባትሪው ሲያልቅ ያስቀመጥሽለትን ድምፅ ሁሉ ይረሳል፣ ይሄኛው እንኳ ቀላል ነው፣ ባትሪ መቀየር ነው። ከጃፓን ገበያ የመጣ ከሆነ ደግሞ በ100 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ሳታይ 220 ላይ ሰካሽው ማለት በዓይንሽ እያየሽ ታቃጥይዋለሽ። እና እባክሽ፣ ዶርም ውስጥ ፓወር ሰፕላይ ከፍተሽ ብቻሽን አትነካኪ። ከሶኬት ቢነቀልም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ።

ለሙከራሽ በባትሪ የሚሠራውን ተጠቀሚ። 40106 የምትባለዋን ቺፕ ካገኘሽ፣ በአንድ ሬዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ አንድ ኦሲሌተር (ድምፅ የሚያመነጭ ሰርኪዩት) ይወጣታል፣ ከአንዷ ቺፕ ስድስት ድረስ። በዘጠኝ ቮልት ባትሪ ስትሠሪ የሚደርስብሽ ትልቁ አደጋ የጎረቤት ዶርም ጩኸት ነው። የተቀረውን ዕቃ አዲስ አበባ ስትመጪ ምናለሽ ተራ ብትዞሪ የተነቀለ ቦርድ አታጪም። ገንዘብ ጭራሽ ከሌለሽ ላፕቶፕ ላይ ቪሲቪ ራክ የሚባል ሶፍትዌር በነፃ አለ፣ የሞዱላሩን (ተነጣጥለው በሽቦ ከሚገናኙ ክፍሎች የሚሠራውን ሲንተሳይዘር) አሠራር በደንብ ያስተምርሻል።

ወደ ስትሪሙ ልመለስ። ኤሌክትሮኒክስና ኮሙኒኬሽን ወይም ኮምፒውተር ምረጪ። ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ፣ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ አናሎግ ዲዛይን በሰፊው የምታገኚው እዚያ ነው። እነዚህ ሙያዎች ለሲንተሳይዘር ብቻ አይደሉም። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነውም፣ የብሮድካስት ጣቢያው ቴክኒሽያንም፣ የቆጣሪ ሶፍትዌር የሚጽፈውም ይኸንኑ ነው የሚያውቀው። ለቤተሰብሽ ልትነግሪያቸው የሚገባው ይህን ነው። አባትሽ «ሲንተሳይዘር» ስትያቸው ዘፈን ይመስላቸዋል፣ «ኤምቤድድ ሲስተም»፣ ዕቃ ውስጥ የተቀበረ ኮምፒውተር፣ በያቸውና የት የት እንደሚቀጠር ዘርዝሪላቸው። ውሸት አይደለም፣ ያው ሥራ ነው።

ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ካልወደድሽው ተይው። ክራር ሥሪ። በ1983 የታተመ ካርፕለስ ስትሮንግ የሚባል ዘዴ አለ፣ እንደ ተመታ ክር የሚጮኽ ድምፅ በርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ያወጣል። በሰከንድ 44,100 ናሙና እያሠራሽ 220 ኸርዝ ከፈለግሽ፣ 200 ያህል ቦታ ያለው ሜሞሪ ትይዣለሽ፣ በዘፈቀደ ቁጥሮች ትሞይዋለሽ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሁለት ቁጥሮች አማካይ እየወሰድሽ መልሰሽ ታዞሪዋለሽ። በቃ፣ ክር ሆነ። ችግሩ የሚጀምረው ቅኝት ላይ ነው። የሜሞሪው ርዝመት ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ልክ የፈለግሽው ቦታ ላይ አይቆምልሽም። የክራር መቺ ቅኝት ደግሞ የኪቦርዱን አሥራ ሁለት እኩል ክፍፍል አይከተልም። አንቺሆዬን በተራ ኪቦርድ የሞከረ ያውቀዋል። ይህንን መፍታት እውነተኛ የኢንጂነሪንግ ጥያቄ ነው፣ አማካሪ መምህርሽም «ይሄ መጫወቻ ነው» ሊልሽ አይችልም። ክራር የሚመታ የያሬድ ተማሪ ፈልገሽ ጆሮውን ተዋሺ፣ ያኔ ያሬድንም በሌላ በር ገባሽ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ነገር «የፈረንጅ ነው» ለሚሉሽ ሃሊም ኤልዳብህን ጥቀሺላቸው። ግብፃዊ ነው። በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ መቅጃ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀድቶ፣ ድምፁን እየለዋወጠ አዲስ ሥራ አወጣበት። በ1963 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን አንድ መድረክ ላይ ሰብስቦ።

የስትሪም ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። የኤሌክትሮኒክስ ላብ ኃላፊውን ቅዳሜ ቅዳሜ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ እንድትጠቀሚ ጠይቂው፤ እምቢ ካለ በመምህር በኩል ሂጂ። ሁለተኛ፣ የአራተኛ ዓመት ኢንተርንሺፕ ቦታሽን ሌላ ሰው እስኪመድብሽ አትጠብቂ። አንድ የብሮድካስት ጣቢያ ወይም የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍል ዘንድ የአጎትሽን ኪቦርድ ፎቶ ይዘሽ አሁኑኑ አመልክቺ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።