ማባበያውንና ክሩን ምን ያገናኛቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። በእረፍት ቀኔ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባስ የተባለውን ዓሣ አጠምዳለሁ። ማባበያ (ዓሣውን የሚያታልለውን ሰው ሠራሽ ዕቃ) መቀያየር እንዲቀለኝ ክሩ ጫፍ ላይ ስናፕ (የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የሽቦ ማንጠልጠያ) ያለው ስዊቭል (ሁለት ጫፉ ለየብቻ የሚሽከረከር የብረት ማያያዣ) አስሬ ሁሉንም በእሱ ላይ አንጠለጥላለሁ። ይሁን እንጂ ትንሽ ዓሣ የሚመስለው ተንሳፋፊ ማባበያዬ እንደሚገባው አይወዛወዝም፤ አፍንጫውንም ወደ ታች ይደፋል። ከናይለን ወደ ተጎነጎነ ክር ከቀየርኩ ወዲህ ደግሞ ዓሣው ሲጎትት ክሩ ባዶውን ይመለሳል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው ስለሚለያይ ለየብቻ እንያቸው። ስዊቭል ሥራው አንድ ነው፤ ማባበያው ውኃ ውስጥ ሲሽከረከር ሽክርክሪቱ ወደ ክሩ ተላልፎ ክሩን እንዳያጠማዝዘው ይከላከላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ስፒነር ለተባለው፣ የብረት ምላሱ በሽቦው ዙሪያ ለሚሽከረከረው ማባበያና ሲጎተቱ ለሚዞሩ የማንኪያ ቅርጽ ያላቸው ማባበያዎች ነው። ለእነዚህም ቢሆን ከማባበያው አፍንጫ ላይ ከሚንጠለጠል፣ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በክሩ መካከል ቢታሰር እመርጣለሁ፤ ዓሣው የሚያሳድደው ማባበያውን እንጂ ብረት አስቀድሞ የሚመጣ ነገር እንዳይሆን።

ተንሳፋፊው ማባበያ ግን አይሽከረከርም፤ ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል። ፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ላውሪ ራፓላ እ.ኤ.አ. በ1936 መቅረጽ ከጀመራቸው ማባበያዎች አንሥቶ የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ጥበብ ሁሉ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ አዋኛኘት መምሰሉ ላይ ነው። ጥቂት ግራም ብቻ በሚመዝን አካል አፍንጫ ላይ የብረት ስዊቭል ሲጨመርበት ሚዛኑ ይዛባል፤ እርስዎ ያዩት መድፋትም የመጣው ከዚህ ነው። መቀያየሩ እንዲቀልዎ ከፈለጉ ስዊቭል የሌለውን ስናፕ ብቻ ይጠቀሙ፤ ማባበያው እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ታችኛው ጎኑ ክብ የሆነውን፣ ጥንካሬው ከክርዎ የማያንሰውንና በመጠን ትንሹን ይምረጡ።

ያለ ብረት ማሰር ለሚወድ ሰው ደግሞ የማይጠብቅ ዙር የሚተው ቋጠሮ አለ። ከክሩ ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው ሳያጠብቁ አንድ ተራ ቋጠሮ ይሥሩ፤ ጫፉን በማባበያው ቀዳዳ ካሾለኩ በኋላ በመጣበት በኩል በዚያው ቋጠሮ ውስጥ ይመልሱት፤ በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ያህል ይጠምጥሙትና አሁንም በቋጠሮው ውስጥ አሳልፈው ያጥብቁ። የዙሩን ስፋት የሚወስነው የመጀመሪያው ቋጠሮ ከቀዳዳው ያለው ርቀት ስለሆነ ከማጥበቅዎ በፊት ወደ ማባበያው ያስጠጉት።

አንዳንዱ ማባበያ ደግሞ እንደ ቁልፍ መያዣ ሁለቴ የተጠመጠመ ቀለበት አፍንጫው ላይ ተገጥሞለት ይሸጣል። ያኔ ስናፕ አያስፈልግም፤ ቀለበቱ ራሱ ነፃነት ይሰጠዋል። ነገር ግን የሽቦው ጫፍ የሚያልቅበትን ቦታ በጥፍርዎ ቢዳስሱት ስለታም ደረጃ ያገኛሉ። ቋጠሮው እዚያ ላይ ከተንሸራተተ ክሩን ይቆርጠዋልና ሁልጊዜ ከዚያ ተቃራኒ በሆነው ድፍን ጎን ላይ ያስቀምጡት።

ወደ ተጎነጎነው ክር እንለፍ። ባዶውን የተመለሰውን ጫፍ ተመልክተውታል? እንደ አሳማ ጭራ ከተጠቀለለ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተንሸራቶ ነው የተፈታው። ይህ ክር የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ስለሆነ በጣም ያዳልጣል፤ ለናይለን ይበቃ የነበረው በክሩ ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሞ የማሾለክ ልማድ ለእሱ አይበቃም። ፓሎማር የተባለውን ቋጠሮ ይልመዱ፤ ክሩን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥፈው ድርቡን በቀዳዳው ያሾልኩ፣ በድርቡ ልል የሆነ ተራ ቋጠሮ ይሥሩ፣ ቀሪውን ዙር በማባበያው ላይ አሳልፈው ዋናውን ክርና ትርፉን ጫፍ አንድ ላይ ይሳቡ። ከመሳብዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፤ ደረቅ ክር በፍትጊያ ይሞቃል፣ በተለይ ናይለንና ፍሎሮካርቦን የተባለው የክር ዓይነት በዚህ ይዳከማሉ።

የፓሎማር እንከኑ ዙሩ በማባበያው ላይ ማለፍ ያለበት መሆኑ ነው። ሁለትና ሦስት ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ባለው ማባበያ ላይ ይህን መሞከር ጣትን ለመንጠቆ ማቅረብ ነውና አስቀድመው ቋጠሮውን በስናፑ ላይ ሠርተው ማባበያውን በኋላ ያንጠልጥሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በፖቶማክ የታወቀውን ስኔክሄድ የተባለ ዓሣ በአረም መካከል በእንቁራሪት መሰል ማባበያ የሚያሳድዱ ከሆነ ግን ስናፑንም ይተዉት፤ ሣር ከመልቀም ያለፈ ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ በአርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ሆኜ ናይል ፐርች በዘንግ አጠምዳለሁ። ክሩ ከማባበያው ከፍ ብሎ በተደጋጋሚ ይበጠሳል። ቋጠሮዬ ይሆን ጥፋተኛው?

መልስ፦ ከፍ ብሎ ከተበጠሰ ቋጠሮው ነፃ ነው። የናይል ፐርች አፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ጥቃቅን ጥርስ አለው፤ የስንጥቡ ክዳንም ስለታም ነው። የተበጠሰው ጫፍ ሻክሮ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ስለሆነ በዋናው ክርና በማባበያው መካከል ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ናይለን ያስገቡ። ሁለቱን በጠንካራ ስዊቭል ማገናኘት ይቻላል፤ ስዊቭሉ በዘንጉ ቀለበቶች ስለማያልፍ ናይለኑ ከዘንግዎ ማጠር አለበት። በዚህ ውፍረት ላይ ብዙ ጥምጥም አይጠብቅም፤ ከላይ የገለጽኩት የዙር ቋጠሮ በሦስት ወይም በአራት ጥምጥም ይበቃዋል። ጫፉ በምላጭ እንደተቆረጠ ንጹሕ ከሆነ ግን የነብር ዓሣ ሥራ ሊሆን ይችላልና ከማባበያው በፊት 30 ሳንቲ ሜትር የሽቦ ማያያዣ ይጨምሩ። ማባበያው ዳር ላይ ከተያዘብዎ ወደ ውኃው ገብተው ለማስለቀቅ አይሞክሩ፤ በጫሞ አዞ እንዳለ ለአርባ ምንጭ ሰው መንገር አያሻም።

ጥያቄ፦ ቋጠሮ ላይ ፈጣን ሙጫ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በደንብ ለተሠራ ቋጠሮ አያስፈልግም፤ በደንብ ላልተሠራው ደግሞ ጉድለቱን ከመሸፈን በቀር የሚረባው ነገር የለም። ይልቅ ትልቅ ዓሣ ካወጡ ወይም ክሩ ከድንጋይ ጋር ከተፋተገ በኋላ የመጨረሻውን አንድ ሜትር በሁለት ጣትዎ መካከል ያሳልፉት፤ የሚሻክር ቦታ ካገኙ ከዚያ በላይ ቆርጠው እንደገና ይሰሩ።