የፓፓያው ጥቁር ፍሬና የጨጓራው ክኒን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደሴዋ ፋርማሲስት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ ጨጓራው ሲያሰቃየው ከርሞ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ኤች ፓይሎሪ ተገኘብህ ተብሎ ለሁለት ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘለት። ግማሹን ሳያደርስ ጎረቤታችን እትዬ፣ «ይሄን ሁሉ ክኒን ምን አስዋጠው? የፓፓያውን ጥቁር ፍሬ፣ ዘሩን፣ አድርቀሽ ፈጭተሽ በማር ስጪው» አሉኝ። ፓፓያው ግቢያችን ውስጥ አለ። ክኒኑን ትቶ እሱን ቢጀምር ምን ይላሉ? ልጄም ነፍሰ ጡር ናት፤ ፓፓያ አምሯታል። ሰው ደግሞ «ያስወርዳል» እያለ ያስፈራራታል።
የልጆች እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እናቴ፣ ክኒኑ ይቀጥል። ቀን ዘሎ ከሆነ ዛሬውኑ ያዘዘለትን ሐኪም ይጠይቅ። ኤች ፓይሎሪ የጨጓራ ግድግዳ ላይ የሚኖር ግትር ባክቴሪያ ነው። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ አሲድ ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር አብሮ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። መሀል ላይ ሲቋረጥ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ሁለተኛው ዙር ይከብዳል። «ጨጓራዬ አልድን አለኝ» ብሎ ባንኮኒዬ ላይ የሚደገፍ ብዙ ሰው፣ ሲጠየቅ፣ ሻል ሲለው ያቆመ ነው።

ጎረቤትዎ ግን እንዲሁ ከሜዳ ተነስተው አላወሩም። ከጥቁሩ ፍሬ አንዷን ነክሰው ይቅመሷት። እስከ አፍንጫ የሚወጣ ማቃጠል አላት፤ ቁርጥ ፌጦ። የሚያቃጥለው ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ፌጦ ሲደቆስ የሚወጣውም ይኸው ራሱ ነው። ተክሉ የሚበላውን ተባይ የሚከላከልበት መሣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ የናይጄሪያ ጥናት የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ያለባቸውን 60 ልጆች ወስዶ ለግማሾቹ ደርቆ የተፈጨ የፓፓያ ፍሬ በማር፣ ለቀሩት ማር ብቻ ሰጠ። ፍሬውን ከወሰዱት 30 ልጆች የ23ቱ ሰገራ ከተውሳክ ጸዳ። ማር ብቻ ከላሱት የ5ቱ። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ግን ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ደግሞም የአንጀት ተውሳክ እንጂ የኤች ፓይሎሪ አይደለም። በባለቤትዎ ክኒን ቦታ የሚገባ ነገር የለውም።

ሌላም አለ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከጥቁሩ ፍሬ የወጣ ጭማቂ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የወንዱን የዘር ፈሳሽ አዳክሟል። «እኛ ልጅ በቅቶናል» ይሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ ግን ለጎረቤትም ይንገሩ፣ አዲስ ያገባ አይጠፋም።

ወደ ልጅዎ ስንመጣ፣ ጥሬው ፓፓያና የበሰለው ለየቅል ናቸው። ዛፉ ግቢዎ ስላለ ይሞክሩት፤ አረንጓዴውን በቢላ ጫፍ ጫር ያድርጉት። ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። ጣት ላይ ሲደርቅ ይጣበቃል፣ ቆዳ ያሳክካል። ወተቱ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ የሥጋ ማለስለሻ ዱቄት የሚሠራውም ከእሱ ነው። በአይጥ ማኅፀን ላይ በተደረገ ሙከራ የጥሬው ወተት ማኅፀኑን አኮማትሯል። የበሰለው ጭማቂ ግን እንዲያ አላደረገም። ስለዚህ ሙልጭ ብሎ የበሰለውን፣ ሲቆረጥ ወተት የማያወጣውን ትብላ። ጥሬውንና ገና ግማሽ የሆነውን አታስነኳት።

መቼም ከጥሬ ሥጋ በኋላ «ፓፓያ ይፈጨዋል» ብሎ የበሰለ የሚያስከትል አይጠፋም። ይብላ፤ ግን ሲበስል ፓፔይኑ እጅግ ይቀንሳል። የደረቀ ሆድ የሚያለዝበው ውሃውና ፋይበሩ ነው። 100 ግራም የበሰለ ፓፓያ 60 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው። ቀይ የሆነው ደግሞ ላይኮፒን ይዟል፣ ቲማቲምን የሚያቀላውን። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲንም አለበት። እነዚህ ሁለቱ ስብ ካላገኙ በደንብ ወደ ደም አይገቡም። ልጅዎ ከአቮካዶ ጋር ትብላው፤ ለጾምም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስኳር በሽታ አለብኝ። ከሥራ ስወጣ ጁስ ቤት ገብቼ ስፕሪስ እጠጣለሁ፤ ፓፓያ ስላለው ይጠቅመኛል ብዬ ነው። ልክ ነኝ?
ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓፓያው ምንም አላደረገህ። 100 ግራሙ ውስጥ ያለው ስኳር 8 ግራም ገደማ ነው። ስፕሪሱ ግን ማንጎ ይጨመርበታል፣ ስኳር ይነሰነስበታል፣ አንዳንዱ ቤት ላዩ ላይ ቪምቶ ይደፋበታል። ማንም ቁጭ ብሎ የማይበላውን ያህል ፍራፍሬ በአንድ ብርጭቆ ጭልጥ ታደርጋለህ። ቆርጠህ ብላው፣ አንድ ሁለት ቁራጭ፣ ከምግብ ጋር። የደሴ ብርድ ለፓፓያ አይሆነውም፤ ገበያችን ላይ የምታየው ከቆላ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው። መንገድ እንዲችል ጠንከር እንዳለ ይቆረጣል። ልጡ ቢጫ መምታት የጀመረውን ግዛና ቤት ውስጥ ይብሰል፤ ፍሪጅ ውስጥ አትክተተው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ፓፓያ ከማዘውተርህ በፊት ሐኪምህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ፓፓያና ካሮት በጣም ይወዳል። መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ሆነብኝ። የወፍ በሽታ ይሆን?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ቀን ብርሃን ላይ አቁመሽ የዓይኑን ነጭ እዪ። ነጩ ነጭ ከሆነ፣ ሽንቱም ካልጠቆረ፣ ቆዳው ላይ የተከማቸ ካሮቲን፣ የፓፓያውና የካሮቱ ቀለም፣ ሳይሆን አይቀርም። ጉዳት የለውም፤ ሁለቱንም ቀነስ ስታደርጊለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ዓይኑም ቢጫ ከሆነ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።