አርጅቷል ብለው ከመሸጥዎ በፊት፦ የሰፊ ፕሪንተር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 1.6 ሜትር ስፋት ያለው ኢኮ ሶልቨንት (በኬሚካል ማሟሟያ የተበጠበጠ ቀለም የሚጠቀም) ፕሪንተሬ አሥር ዓመት ሞልቶታል። ባነር ላይ ነጭ መስመር እየጣለ አስቸገረኝ። ቴክኒሻኑ «ሄዱ፣ ማለትም ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ አልቋል» ይላል፤ አዲሱ ሄድ ደግሞ ማሽኑ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሹን ይወስዳል። ልሽጠው?

መልስ፦ ሄዱ ማለቁ ሳይረጋገጥ አይሽጡ። መጀመሪያ ኖዝል ቴስት ያትሙ፤ ይህ የሄዱ ጥቃቅን የቀለም ቀዳዳዎች (ኖዝሎች) ሁሉ መሥራታቸውን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት ነው። ቴስቱ ሙሉ ሆኖ ሥራው ላይ ግን መስመር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሄዱ ጥፋት የለበትም፤ የሚስተካከለው የሚዲያው (የሚታተምበት ባነር ወይም ወረቀት) አገፋፍ ነው። ነጭ መስመር ማሽኑ አብዝቶ ሲገፋ፣ ጥቁር መስመር ደግሞ አሳንሶ ሲገፋ የሚመጣ ነው።

ቴስቱ ላይ ክፍተት ካለ የት እንዳለ ይዩ። ከአንድ ክሊኒንግ (ማሽኑ ራሱ ሄዱን የሚያጸዳበት ሥራ) ወደ ሌላው ቦታውን እየቀያየረ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አየር ገብቷል ማለት ነው፦ ያረጀ ዳምፐር (ቀለም ሄዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ትንሽ ማጠራቀሚያ)፣ የላላ የቱቦ ማያያዣ ወይም ጠርዙ የተበላ ካፒንግ (ሄዱ ሲያርፍ የሚገጥምበት ክዳን)። ክሊኒንግ ሲሠራ በቆሻሻ ቀለም ቱቦው ውስጥ ቀለም ካልወረደ ፓምፑ ወይም ካፒንጉ አይስብም። እነዚህ ከሄዱ ጋር ሲተያዩ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዳምፐሩን፣ ካፒንጉንና ዋይፐሩን (የሄዱን ፊት የሚጠርገውን ላስቲክ) ቀይረው እንደገና ይፈትሹ። ከዚያም በኋላ ያው ኖዝል እዚያው ቦታ ላይ ከጎደለ ቴክኒሻኑ ልክ ነው።

ያኔ ስሌቱ ቀላል ነው። በእጅዎ ያለው ሥራ የሄዱን ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚመልስ ከሆነ፣ ቦርዱና (የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው) ሄዱ የሚመላለስበት ሐዲድም ጤነኛ ከሆኑ፣ ይቀይሩ። ካልሆነ ጉድለቱን ለገዢው በግልጽ ነግረው፣ ዋጋውን ቀንሰው ይሽጡ። ለመሸጥ ብቻ ብሎ አዲስ ሄድ መግጠም ግን ኪሳራ ነው፤ ገዢ የሄዱን ሙሉ ዋጋ ጨምሮ አይከፍልም። ከቀየሩ ፍላት ኬብሉም (ሄዱን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ) አብሮ ይቀየር። ቀለም የነካው ኬብል ሾርት ሠርቶ አዲሱን ሄድ ከነቦርዱ ሊያቃጥል ይችላል።

ጥያቄ፦ ፕሪንተሬ ለአራት ወር ሳይሠራ ቆሟል። ለገዢ ከማሳየቴ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ክሊኒንግ አይደጋግሙ። የደረቀ ካፒንግ በደንብ ስለማይገጥም ቀለሙን ሳይሆን አየሩን ይስባል። ካፒንጉንና ዋይፐሩን ለቀለሙ ዓይነት በተሠራው ማጽጃ ያጽዱ፤ ለኢኮ ሶልቨንት ውኃ፣ በውኃ ለተበጠበጠ ቀለምም የሶልቨንት ማጽጃ አይሆንም። ካፒንጉን በማጽጃው ሞልተው ሄዱን ቦታው ላይ ያሳድሩት። በማግስቱ አንድ መደበኛ ክሊኒንግ፣ ከዚያ ቴስት። የተደፈነው ኖዝል ካልተከፈተ ጥቂት ሰዓት አቆይተው አንዴ ይድገሙ።

በስሪንጅ ኃይለኛ ግፊት እንዳይሰጡት እለምናለሁ። የሄዱ ውስጠኛ ንብርብር ይላቀቅና ቀለሞቹ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፤ ያ ደግሞ አይጠገንም። ከተከፈተ በኋላ እስኪሸጥ ድረስ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሁሉንም ቀለም የያዘ ጠባብ ጥብጣብ ያትሙ። የቀለሙ የአገልግሎት ጊዜ ካለፈም ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ የፕላን ማተሚያ ፕሎተሬ ሄድ ቀይር ቀይር ይለኛል። መሸጫው ደረሰ?

መልስ፦ ቴርማል ሄድ (ቀለሙን በሙቀት የሚረጭ) ያለው ከሆነ አልደረሰም። በእነዚህ ማሽኖች ሄድ እንደ ቀለም ሁሉ እያለቀ የሚተካ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ነቅሎ ይገጥመዋል። የሚያሳስበው ጋሪውን (ሄዱን ተሸክሞ የሚመላለሰውን ክፍል) የሚጎትተው ቺንጊያ ነው። ላስቲኩ እየተፈረፈረ ከሆነና ለሞዴሉ መለዋወጫ ከገበያ እየጠፋ ከሆነ፣ ገና እየሠራ ሳለ ይሽጡት።

ጥያቄ፦ ተሸጠ። እንዴት ላጓጉዘው?

መልስ፦ በቀለም እንደተሞላ አያንቀሳቅሱት፤ ሲያጋድል ይፈሳል። በማሽኑ ሜኑ በኩል ቀለሙን ያስወግዱ፣ የቀለም ቱቦዎቹን በማጽጃ ያጥቡ፣ የቆሻሻ ጋኑን ባዶ ያድርጉ፣ ሄዱን ካፒንጉ ላይ አሳርፈው ጋሪውን በማጓጓዣ መቆለፊያው ይቆልፉት። ማሽኑ አግድም እንደተኛ ይጓዝ እንጂ በጎኑ አይቁም።

ጥያቄ፦ ፕሪንተሩን የሚያሠራውን አሮጌ ኮምፒውተር ለይቼ ላስቀር?

መልስ፦ መጀመሪያ ድራይቨሩና ሪፕ ሶፍትዌሩ (ምስሉን ለፕሪንተሩ የሚያዘጋጀው) በአዲስ ዊንዶውስ ላይ መሥራታቸውን ይሞክሩ። የማይሠሩ ከሆነ ኮምፒውተሩ ከነዶንግሉ (የሶፍትዌሩን ፈቃድ የያዘው የሚሰካ ቁልፍ) ከማሽኑ ጋር ይሂድ። የሶፍትዌሩ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ መሆኑንም ከመሸጥዎ በፊት ያጣሩ።