የኤም ጂ ቢ ሞተር እድሳት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ኤም ጂ ቢ ሞተር እድሳት የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ተመርታለች። ሞተሯ 1798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ብሎኩም ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ከጊዛ (በቅርጽ ከፈሰሰ ከባድ ብረት) የተሠሩ በመሆናቸው ያለ ረዳት ለማንሳት አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ሞተሬን ገና አልፈታሁም። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አስቀድሜ ባዝዝ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እኔም በመጀመሪያው ሞተሬ ይህንኑ አድርጌ ነበር። በግማሽ ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን አዝዤ ከደረሰኝ በኋላ ቴስታታውን አንስቼ በአሮጌው ፒስተን አናት ላይ ያለውን ጥቀርሻ በእንጨት ስፍቅ «040» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ሲሊንደሩን በ0.040 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር ያህል አስፍቶት ኖሯል፤ ያዘዝሁት ዕቃ ሳይገጠም ቀረ። የሲሊንደሩ የፋብሪካ ስፋት 80.26 ሚሊሜትር ነው። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሞተሩ ርዝመትና በወርዱ አቅጣጫ ይለኩት። ፋሻው ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ጥፍርዎን የሚይዝ እርከን ካገኙ ሲሊንደሩ ተበልቷልና ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ብሮንዚኒ (የዋናው ዘንግ ማረፊያ ንጣፍ) ልገዛ ስል ሻጩ «የሦስት ነው የአምስት?» አለኝ።

መልስ፦ የሞተር ቁጥሩን መነሻ ይመልከቱ። 18 ጂ እና 18 ጂ ኤ ኮሏቸው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) በሦስት ቦታ፣ ከ1964 መገባደጃ ጀምሮ የመጣው 18 ጂ ቢ እና ተከታዮቹ በአምስት ቦታ ያርፋል። ብዙዎቹ መኪኖች ሞተር የተቀየረላቸው ስለሆኑ በመኪናው የምርት ዘመን አይተማመኑ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። ፓምፑን ልቀይር?

መልስ፦ በጉዞ ላይ ከ50 እስከ 80፣ በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ከ10 እስከ 25 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ጤናማ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ ፓምፑን ብቻ ከመወንጀልዎ በፊት የኮሎውን አንገቶች (በብሮንዚኒው ላይ የሚያርፉትን ክብ ክፍሎች) ይለኩ፤ ሞላላ ከሆኑ ወይም ከተጫሩ ኮሎው ሬቲፊካ (በማሽን መሞረድ) ገብቶ ከአዲሱ ልክ ጋር የሚሄድ ብሮንዚኒ ያስፈልገዋል። ከሬቲፊካ ሲመለስ በዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የብረት ብናኝ መቅረቱ የተለመደ ነውና ቀጭን ብሩሽና ማጠቢያ ፈሳሽ ሳይጠቀሙ፣ በተጨመቀም አየር ሳይነፉ በፍጹም አይግጠሙት። በመካከለኛው ማረፊያ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት ግማሽ ቀለበቶች ቦይ ያለው ፊታቸው ወደ ኮሎው መዞር አለበት። ገጥመው ሲጨርሱ ኮሎውን በጠመንጃ መፍቻ ወደፊትና ወደ ኋላ እየገፉ እንቅስቃሴውን በሰዓት መለኪያ (እንደ ሰዓት ቀስት ባለው ስስ መለኪያ) ያንብቡ፤ ከ0.10 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል።

ጥያቄ፦ እርሳስ የሌለው ቤንዚን ቫልቮቹን ይጎዳል ይባላል።

መልስ፦ የሚጎዳው የጭስ ማውጫ ቫልቮችን መቀመጫ ነው፤ እርሳሱ ይሰጠው የነበረው መከላከያ ሲጠፋ በጊዛው ላይ የተቆረጠው መቀመጫ ቀስ በቀስ እየተበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ምልክቱም 0.38 ሚሊሜትር አድርገው ያስተካከሉት የቫልቭ ክፍተት በተደጋጋሚ መጥበቡ ነው። ቴስታታው ለሌላ ሥራ ከወረደ ጠንካራ መቀመጫ ያስገቡ፤ ለዚህ ብቻ ብሎ ደህናውን ሞተር መፍታት ግን አልመክርም።

ጥያቄ፦ አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ገጥሜያለሁ። መጀመሪያ ሳስነሳው ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ታፔቶቹም (ካሙ የሚገፋቸው የቫልቭ ገፊዎች) አዲስ መሆን አለባቸው፤ አሮጌ ታፔት አዲስ ካም ይበላል። ካንዴላዎቹን አውጥተው ግፊቱ በጌጁ ላይ እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ ያዙሩት። ከዚያ ካንዴላዎቹን በ1፣ 3፣ 4፣ 2 የእሳት ቅደም ተከተል ያገናኙና ሲነሳ በሚኒሞ ሳያቆዩት ለ20 ደቂቃ ያህል በ2000 ዙር አካባቢ ያሠሩት፤ ካምና ታፔት በዝግታ ዙር በቂ ዘይት አይረጭላቸውም። ዘይቱ ዚንክ ያለበት 20 ደብሊው 50 ይሁን። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የቴስታታውን ዳዶዎች በቅደም ተከተላቸው እንደገና ያጥብቁ፤ ይህ የቫልቮቹን ክፍተት ስለሚለውጠው እሱንም ዳግም ይለኩ።