የቸኮሌቱ ጣዕም ሸጋ ነው፤ ፕሮቲኑስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ፕሮቲን ፓውደር የመጡልን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፤ ጠያቂው የጣሳውን ጀርባ እንዳለ ገልብጦ ስለላከልን ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመላሹም ያመቻል፣ ለሌላውም አንባቢ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍል። 26 ዓመቴ ነው፣ 68 ኪሎ እመዝናለሁ። ጂም ከጀመርኩ ሰነበትኩ። አሰልጣኜ "ከውጭ የመጣ አይሶሌት ነው" ብሎ በቸኮሌት ጣዕም የተሠራ ዌይ ፕሮቲን ሸጠልኝ። ጣዕሙ ልክ እንደ ቸኮሌት ወተት ነው፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ጓደኛዬ ግን "ይሄ ስኳር ነው፣ ተሸውደሃል" ይለኛል። ጀርባው ላይ፦ አንድ ስኩፕ (መስፈሪያ ማንኪያው) 35 ግራም፣ ፕሮቲን 21 ግራም፣ ካርቦሃይድሬት 9 ግራም (ስኳሩ 6)፣ ቅባት 2.5 ግራም ይላል። የተሠራበት ደግሞ በቅደም ተከተል፦ ዌይ ኮንሰንትሬት፣ ማልቶዴክስትሪን፣ ስኳር፣ ካካዎ፣ ዌይ አይሶሌት፣ ግላይሲን፣ ታውሪን፣ ሌሲቲን፣ ዛንታን ገም፣ ሱክራሎዝ። በግማሽ ሊትር ወተት እየበጠበጥኩ ነው የምጠጣው። ከጠጣሁ በኋላ ሆዴ ይነፋል። ጥሩ ነው ወይስ እውነትም ተሸወድኩ? — ከገርጂ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዱቄቱ ውስጥ ዌይ፣ ማለትም ከወተት አጓት የሚወጣው ፕሮቲን፣ አለ። ጓደኛህ አጋኗል። ግን የከፈልከው የአይሶሌት ዋጋ ከሆነ፣ አዎ፣ ተሸውደሃል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የፕሮቲኑን ግራም ለስኩፑ ክብደት አካፍለው። 21 ለ35 ሲካፈል 60 በመቶ ይመጣል። ገበያ ላይ የተለመደው ዌይ ኮንሰንትሬት ጣዕም ሳይገባበት 80 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው፤ አይሶሌት የሚባለው፣ ይበልጥ የተጣራው ዌይ፣ ደግሞ 90 በመቶና ከዚያ በላይ። ካካዎና ማጣፈጫ ሲገባበት ትንሽ መውረዱ ያለ ነው፣ የቸኮሌቱ ዓይነት ጣዕም ካልገባበት ዓይነት ዝቅ የሚለውም ካካዎው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ነው። 75 ቢሆን አልከራከርም ነበር። 60 ግን ሌላ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው፣ ምን እንደገባም አንተው ጽፈህልኛል። ማልቶዴክስትሪን ከበቆሎና ከመሳሰለው ስታርች የሚሠራ ርካሽ ካርቦሃይድሬት ነው። በዝርዝሩ ሁለተኛ ነው፣ ስኳር ሦስተኛ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። አይሶሌት የተባለው ከስኳርም ከካካዎም በኋላ አምስተኛ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ቃል እርሳውና ጀርባውን እመን።

በገንዘብ ስታየው ይበልጥ ይገባሃል። አምስት ፓውንድ የሚባለው ትልቁ ጣሳ 2.27 ኪሎ ነው። 80 በመቶ ከሆነ 1816 ግራም ፕሮቲን አለው። 60 በመቶ ከሆነ 1362 ግራም። ልዩነቱ 454 ግራም ነው፣ አንድ ሙሉ ፓውንድ! ሁለት ጣሳ ስታወዳድር የጣሳውን ዋጋ ሳይሆን የአንድ ግራም ፕሮቲኑን ዋጋ አወዳድር። ዋጋውን ለጠቅላላ የፕሮቲን ግራም አካፍል፣ በቃ። "ርካሽ ነው" የተባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ውድ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ግላይሲንና ታውሪን እዚያ ምን ይሠራሉ? ላቦራቶሪ ፕሮቲንን የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅኑን ለክቶ በማባዛት ነው። ግላይሲን ርካሽ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ነገሮች አንዱ) ነው፣ ናይትሮጅን በደንብ አለው፣ ስለዚህ ሲጨመር የፕሮቲኑ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ጡንቻህ ግን የዌይን ያህል አያገኝም። ታውሪን ደግሞ ጭራሽ ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድ አይደለም። በአንተ ጣሳ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ከዝርዝሩ አይታወቅም። ግን ተለይተው መጻፋቸው በቂ ጥርጣሬ ነው፣ ከ21 ግራሙ የተወሰነው እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩ አምራች የአሚኖ አሲዶቹን ሰንጠረዥ ያወጣል። እዚያ ላይ ሉሲን የሚለውን ፈልግ። እውነተኛ ዌይ በ25 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2.5 ግራም አካባቢ ሉሲን ይኖረዋል። ሰንጠረዡ ከሌለ፣ ወይም ሉሲኑ ከዚያ በብዙ ካነሰ፣ አልገዛም።

ጣዕሙን በተመለከተ፣ ጣፈጠ ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቸኮሌት ብዙ ነገር ይሸፍናል። የቆየ ዌይ የእርጥብ ካርቶን ዓይነት ሽታ ያመጣል፣ ካካዎና ሱክራሎዝ የሚባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ግን ይደብቁታል። ስለዚህ የምትቀምሰው በወተት ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን። ውኃውን መጀመሪያ፣ ዱቄቱን በኋላ፣ ከዚያ ሼከሩን ደህና አድርገህ ናጠው። ጥሩ የቸኮሌት ዌይ በውኃ ሲጠጣ ሳሳ ይላል፣ የካካዎ መራራነት በስሱ ይሰማል፣ ጣፋጩ አፍህ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። አረፋ ቢያወጣ አትደንግጥ፣ ዌይ ጠባዩ ነው። ታች የሚዘቅጥ ትንሽ ቡናማ ነገር ካካዎ ነው። በውኃ እንኳን ወፍራም ሆኖ እንደ ሼክ ከተጠጣ ግን ውፍረቱ የመጣው ከሙጫው ነው፣ ዛንታን ገም የተባለው ማለት ነው። አይጎዳም፣ የፕሮቲን ምልክትም አይደለም።

ቤት የምትሞክረው አንድ ነገር አለ። ግማሽ ስኩፕ በውኃ በጥብጠህ እሳት ላይ አድርግና እያማሰልክ አፍላው። ዌይ ሙቀት ሲበዛበት ይቋጠራል፣ እንደ እንቁላል ይጓጉላል። ዱቄት ወይም ስታርች የበዛበት ግን እንደ አጥሚት እኩል ይወፍራል። ይሄ ሙሉ በሙሉ ፎርጅድ የሆነውን ለመያዝ ይረዳል፣ 60ውን ከ80ው ግን አይለይልህም። ሲቋጠር ስታየው ፕሮቲኑ ተበላሸ ብለህም አታስብ። ቅርጹ ነው የተቀየረው፣ ሰውነትህ ይጠቀምበታል።

ዌይ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ የሚቀረው አጓት ነው። የውጭዎቹ ቺዝ ፋብሪካዎች የሚተርፋቸውን አጓት በጣም ቀጭን በሆነ ማጣሪያ ያሳልፉታል፣ ስኳሩንና ውኃውን ይቀንሱለታል፣ ከዚያ በሞቃት አየር አድርቀው ዱቄት ያደርጉታል። የወተት ፕሮቲን ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ ዌይ ነው፣ ቀሪው 80 በመቶ አይብ የሚሆነው ኬዚን ነው። ምሥጢር የለውም፣ ምግብ ነው።

ሆድህን የሚነፋው ምናልባት ዱቄቱ ሳይሆን ወተቱ ነው። በአገራችን ብዙ አዋቂ ሰው የወተት ስኳር፣ ላክቶስ የሚባለው፣ በደንብ አይፈጭለትም። ግማሽ ሊትር ወተት ውስጥ 24 ግራም ገደማ ላክቶስ አለ። በአንድ ስኩፕ ኮንሰንትሬት ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ግራም አይበልጥም። ለአንድ ሳምንት በውኃ ብቻ ሞክር። ካቆመልህ ጥፋተኛው ወተቱ ነበር። ካላቆመ፣ ያኔ እውነተኛ አይሶሌት ፈልግ፣ ላክቶሱ ከ1 በመቶ በታች ነው።

አሁን የያዝከውን አትጣለው። ከጻፍክልኝ ውስጥ ጤነኛ ሰው የሚጎዳ ነገር አላየሁም፣ ብቻ ከዋጋው በታች ነው። ያለህበትን ሂሳብም እይ፦ ጡንቻ ለመገንባት ለሚሠራ ሰው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል፣ ለአንተ 109 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ይሰጥሃል። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ገደማ። አንድ ሊትር ወተት 32 ገደማ፣ ከተስማማህ ማለቴ ነው። ዱቄቱ የሚሞላው ከምግብህ የጎደለውን ብቻ ነው። ለብዙ ሰው በቀን አንድ ስኩፕ ይበቃል፣ ጎደሎ ከሌለህ ደግሞ ምንም አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ኳስ ይጫወታል። "ጓደኞቼ ሁሉ ይጠጣሉ" እያለ ቸኮሌት ፕሮቲን ግዢልኝ ይለኛል። ኩላሊት ይጎዳል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። — እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ጤነኛ ኩላሊት ያለውን ሰው የተለመደ መጠን ያለው ዌይ ሲጎዳ አልታየም። የኩላሊት ችግር ያለበት ግን ሐኪሙን ሳያማክር መንካት የለበትም። ይሄ ለሁሉም ነው።

ለልጅዎ ግን አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ምሳ ላይ ሽሮ ወይም ምስር ጠንከር ብሎ፣ እርጎ ከወደደ እርጎ። ኳስ ለሚጫወት ልጅ ከፕሮቲን ይልቅ ቁርስ አለመዝለሉና እንቅልፉ ይበልጣሉ። እሺ ካላለዎት ጀርባውን አብራችሁ አንብቡ። ክሪያቲን፣ ካፌይን ወይም "ቴስቶስትሮን" የሚል ቃል ያለበት ጣሳ ቤትዎ አይግባ። በተለይ "ጌይነር" የሚባሉትን፣ ክብደት ለመጨመር የሚሸጡትን ትልልቅ ጆንያዎች ይጠንቀቁ፣ አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው።

ጥያቄ፦ ጾም ስለማልገድፍ ዌይ አልወስድም። የአተርና የአኩሪ አተር ፕሮቲን በቸኮሌት ጣዕም አገኘሁ። ይሻላል? — የጂም ልጅ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ዌይ ከወተት ስለሆነ የጾም አይደለም። የአተርና የአኩሪ አተር ፕሮቲን ጥሩ አማራጭ ነው። ግን የቸኮሌቱን ተይው እልሻለሁ፣ ምክንያቱም ቀልድ አይደለም።

ካካዎ ከአፈሩም ከማድረቂያውም ሊድና ካድሚየም የሚባሉ ከባድ ብረቶችን ይዞ ይመጣል። ዕፅዋትም ከአፈር ይስባሉ። ክሊን ሌብል ፕሮጀክት የተባለ የአሜሪካ ተቋም በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጣው ምርመራ የቸኮሌት ፓውደሮች ከቫኒላዎቹ እስከ አራት እጥፍ ሊድ ተገኝቶባቸዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 23 ምርቶችን መርምሮ ከዕፅዋት የተሠሩት በአማካይ ከወተት ከተሠሩት ዘጠኝ እጥፍ ሊድ እንዳለባቸው አሳየ። ሁለቱን ስትደምሪ ዕፅዋትም ቸኮሌትም የሆነው በጣም የሚያጠራጥረው ይሆናል። አንድ ቀን ብትጠጪ ምንም አትሆኚም። ሊድ ግን በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ነው ነገሩ። ለነፍሰ ጡር ደግሞ በፍጹም አልመክርም።

ጣዕም የሌለውን ግዢና በሙዝ ምቺው። ከዚያ በላይ ግን የጾም ገበታችንን አትናቂው። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ጤፉም ራሱ በ100 ግራም ዱቄት 13 ይሰጣል። ጥራጥሬውና እህሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን አሚኖ አሲድ ሌላው ይሞላዋል። ሽሮ በእንጀራ የበላ ሰው ይሄንን ሳያውቅ ሲያደርገው ኖሯል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። ወንድሜ ለበዓል ስመጣ ቸኮሌት ዌይ አምጪልኝ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ሃምሳ ዓይነት አለ፣ ግራ ገባኝ። — ከዴራ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ሦስት ነገር ይበቃሻል። ፕሮቲኑ ለስኩፑ ሲካፈል 75 በመቶና በላይ ይሁን። ኢንፎርምድ ስፖርት ወይም ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት የሚል ምልክት ፈልጊ፣ ገለልተኛ ላቦራቶሪ አይቶታል ማለት ነው። ይሄ ምልክት ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም አሜሪካ ራሷ ከ1994 እ.ኤ.አ. ሕጓ ወዲህ እንዲህ ያሉ ምርቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ፈቃድ እንዲያገኙ አታስገድድም። ሦስተኛ፣ ክዳኑ ሥር ያለው እሽግ ያልተነካ፣ ማብቂያ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ጣሳው ላይ በግልጽ የታተመ ይሁን።

ቦታ ይያዝልኝ ብለሽ ወደ ፌስታል እንዳትገለብጪው። እርጥበት ይገባዋል፣ ምን እንደሆነም ጠያቂ ቢመጣ ማሳያ የለሽም። ትልቁ ጣሳ ሻንጣ ከሞላብሽ ትንሹን ግዢ። ለወንድምሽም ንገሪው፣ ፍሪጅ ውስጥ አያስገባው፣ ደረቅ ቦታ ክዳኑን ገጥሞ ያስቀምጠው፣ ስኩፑንም እርጥብ አድርጎ አይመልሰው።