የአውራ ጣት ጅማት ሲታመም አትሹት፣ አሳርፉት

ልጆቼ፣

በአውራ ጣታችሁ በኩል፣ የእጅ አንጓችሁ ጠርዝ ላይ ጎላ ብሎ የሚዳሰስ አጥንት አለ። ጀበና ስታነሱ፣ የጠርሙስ ክዳን ስታዞሩ፣ ሕፃን ስታቅፉ እዚያ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ አንዳንዴም ወደ ክንድ የሚዘልቅ ሕመም ከጀመራችሁ «ብርድ ነው» ወይም «ወለም ብሎኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእረፍት ብቻ ሊድን የሚችለው ሕመም ስድስት ወር ሲቆይ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

በዚያ አጥንት ላይ ሁለት ጅማቶች ያልፋሉ። አንዱ አውራ ጣትን ከመዳፍ ያርቃል፣ ሌላው ቀጥ አድርጎ ይዘረጋዋል። ሁለቱም ጎራዴ በሰገባው ውስጥ እንደሚንሸራተት በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይመላለሳሉ። የመተላለፊያው ወለል አጥንት ነው፤ ጣሪያውም የማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ነው። አንጓው ታጥፎ አውራ ጣቱ በኃይል ሲሠራ ጅማቱ ከጠርዙ ጋር ይፋተጋል። ይህ በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም ሽፋኑ ይወፍራል፣ መንገዱ ይጠባል። ይህን ሕመም ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ዴ ኬርቬን በ1895 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው ሐኪሞች በእርሱ ስም ይጠሩታል። ብግነት ይባል እንጂ፣ ወራት ባስቆጠረ ሕመም ላይ ዋናው ችግር የሽፋኑ መወፈር ነው። ማስታገሻ ክኒን ብቻውን የማያድነውም ለዚህ ነው።

በብዛት ከሚይዛቸው መካከል እመጫቶች ይገኙበታል። ሕፃኑ እየከበደ በሚሄድባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሁለቱን አውራ ጣቶች ገትሮ በብብቱ ሥር ይዞ ማንሳት ጅማቱን በቀን ብዙ ጊዜ ይጎትተዋል። ሹሩባ የሚሠሩ፣ ልብስ በእጅ አጥበው የሚጨምቁ፣ ሊጥ የሚያቦኩ፣ ስልክ በአንድ እጅ ይዘው በአውራ ጣት ብቻ ለሰዓታት የሚጽፉም አያመልጡም።

ለመለየት አውራ ጣታችሁን መዳፋችሁ ውስጥ አድርጉና በአራቱ ጣቶች ጨብጡት፤ ከዚያ አንጓችሁን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉ። ጤነኛ እጅም ትንሽ ስለሚወጠር በሌላው እጃችሁም ሞክሩና አወዳድሩ። በታመመው በኩል ያ አጥንት ላይ ስለታም ሕመም ከተሰማችሁ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። አንዴ ይበቃል፤ ዳነ ወይ እያላችሁ በየሰዓቱ አትፈትኑት።

የሚመሳሰሉትን ግን አታምታቱ። መዳፋችሁን መሬት ላይ አስደግፋችሁ ከወደቃችሁ በኋላ፣ አውራ ጣት ሲዘረጋ ከሥሩ በሚፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ካመማችሁ የአጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሕመሙ ካልለቀቀ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይደገም። ሌሊት የሚቀሰቅስ የአውራ፣ የጠቋሚና የመሐል ጣት መደንዘዝ ደግሞ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ቦታው ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት ካለ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አሁን ልቤን ወደሚያሳዝነው ነገር ልምጣ። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻውም ቦታውን በቅቤ ወይም በቅባት አሽቶ፣ አውራ ጣቱን ስቦ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ያስረዋል። የወጌሻን ሙያ አላጣጥልም፤ ነገር ግን እዚህ ቦታ ላይ ማሸት በተቆጣው ሽፋን ላይ ተጨማሪ መፋተግ ነው፣ መሳቡም የታመመውን ጅማት የባሰ ይወጥረዋል። ሰውየው በማግስቱ ሲያመው «በደንብ አልታሸሁ ይሆናል» ብሎ ይደግማል። እባካችሁ አታሳሹት።

ሁለተኛው ስሕተት ከመድኃኒት ቤት አንጓን ብቻ የሚይዝ ላስቲክ መግዛት ነው። አውራ ጣት ነፃ እስከሆነ ድረስ ጅማቱ መሥራቱን አያቆምም። የሚያስፈልገው አንጓንም አውራ ጣትንም አንድ ላይ የሚይዝ፣ ውስጡ ጠንካራ መደገፊያ ያለው ማሰሪያ ነው። አንጓው በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀና ይበል፣ አውራ ጣቱ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ከመዳፉ ይራቅ፣ የአውራ ጣት ጫፍ መገጣጠሚያ ግን ነፃ ይሁን። ካላገኛችሁ ፊዚዮቴራፒስት ወይም የአጥንት ሐኪም በልካችሁ ያዘጋጅላችኋል። የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት ቀንም ሌሊትም አድርጉት፤ ለመታጠብና ጣታችሁን ሳያማችሁ ለማንቀሳቀስ ብቻ አውልቁት። ቀጣዮቹን 2 ወይም 3 ሳምንታት በሥራ ሰዓትና በእንቅልፍ ጊዜ ይበቃል። ጣቶቻችሁ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ጠብቋልና አላሉት። ብዙ ሰው በ10ኛው ቀን ሻል ሲለው ይጥለዋል፤ ሕመሙ የሚመለሰውም ያኔ ነው።

በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ ያዙበት። ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ለ5 ወይም ለ7 ቀን መውሰድ ይረዳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት በሽታ ወይም እርግዝና ካለ ግን ያለ ሐኪም አትንኩት፤ ከዳይክሎፌናክ ክኒን ጋርም አትደርቡት።

እመጫት ሆይ፣ ልጅሽን ስታነሺ መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ አንዱን እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላውን ከጭንቅላቱና ከጀርባው ሥር አስገቢ፤ ክብደቱ በክንድሽ ላይ ይረፍ። ጡት ስታጠቢም ጭንቅላቱን በአንጓሽ አትደግፊ፣ ትራስ ከሥሩ አድርጊ። ልብስ የምትጨምቁ ደግሞ ከመጠምዘዝ ይልቅ ውኃው እየተንጠባጠበ ስጡት፣ ፀሐይ ይጨርሰዋል።

ሕመሙ ከበረደ በኋላ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ፣ እጃችሁ ከጠርዙ ውጭ ይሁን። እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አውርዱ፣ መልሱ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ጊዜ። ካመማችሁ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ አንድ ሳምንት ቆዩ።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት በትክክል አሳርፋችሁት ካልተሻላችሁ በሽፋኑ ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ አለ፤ አብዛኞቹን ያድናል። መርፌው የተወጋበት ቆዳ ሊነጣ ወይም ሊሰረጉድ ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ አስቀድማችሁ እወቁት። የስኳር ሕመም ያለባችሁም ለጥቂት ቀናት ስኳራችሁን ደጋግማችሁ ለኩ። በአንዳንድ ሰው መተላለፊያው በግድግዳ ለሁለት ስለተከፈለ መርፌው ወደ አንዱ ጅማት ብቻ ሊደርስ ይችላል። ሁለት ጊዜ ተወግታችሁ ካልተሻላችሁ ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ በጥቂት ሴንቲሜትር ቁርጥ ሽፋኑ ይከፈታል። የአውራ ጣትን ጀርባ የሚያዳርስ ቀጭን ነርቭ በዚያ ያልፋል፤ ከቀዶው በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ ወይም መንዘር ካለ ቶሎ ንገሩ። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል፤ ጣቱን በማግስቱ ቀስ አድርጋችሁ ማንቀሳቀስ ጀምሩ፣ ባልዲና ከባድ ዕቃ ለማንሳት ግን 6 ሳምንት ያህል ጠብቁ።